ሽርጡ ላይ የተሰመሩት መስመሮች

ልብስ ሰፊዋ የወር አበባዋ ከቆመ ወዲህ ሌላ ሰው ሆናለች። በትንሽ በትልቁ ትቆጣለች፤ ጥቂት ቆይታ ደግሞ ምን እንዳስቆጣት ይጠፋታል። ልጇ ሐኪም ቤት እንሂድ ስትላት «አበድሽ ልትይኝ ነው?» ብላ አሻፈረኝ አለች።

ልጅቷ ቸግሯት ምላሱ ከማሩ የሚጣፍጥ ማር ሻጭ ዘንድ ሄደች። ሰውዬው የንብ ንግሥት የምትመገበው ነጭ ነገር የተለወሰበት ማር ሸጠላት። «በቀን አንድ ማንኪያ! ቁጣውንም መርሳቱንም ድራሹን ያጠፋዋል» ብሎ ማለ ተገዘተ።

እናትየው ግን መብላቷን እየረሳች ደጋግማ ትልስ ጀመር። ስለዚህ ልጅቷ መላ ዘየደች፦ እናትየው አንድ ማንኪያ በቀመሰች ቁጥር፣ ደረቷን በሚሸፍነው፣ ከላይዋ በማይወርደው ሽርጧ ላይ በልብስ ሰፊ ጠመኔ አንድ መስመር ታሰምራለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ መላው ሠራ።

አንድ ቀን ልጅቷ ከሥራ ስትገባ ሽርጡ በመስመሮቹ ልክ ተቆርጦ፣ ጥብጣብ ጥብጣብ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል።

«እማዬ፣ ምን አደረግሽ?»

«ምን አደረግሁ? ምልክት የተደረገበትን ቆረጥኩ። ልብሱን ያዘዘችው ሴትዮ መጥታ እንዳትጮህብኝ።» መቀሷን አስቀምጣ በሥራዋ ፈገግ አለች። እንደ ድሮው ሁሉ አንዱም ቁራጭ አልተዛነፈም።

ልጅቷ «ማሩንስ ዛሬ ቀመስሽ?» አለቻት።

እናትየው መስመሩን ለማየት እንደ ልማዷ ወደ ደረቷ ጎንበስ አለች። ቀሚሷን ስትዳብስ ቆየችና ቀና አለች።

«አንቺ ልጅ፣ ሽርጤን ማን ወሰደብኝ?»