የማያም ቁስል

ማቴዎስ ሕንድ አገር ሆሚዮፓቲ የሚባለውን አማራጭ ሕክምና ተምሮ መጥቶ መናኸሪያ አካባቢ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ይሠራል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አለ፤ የሕመም ምልክቶች ማውጫ ነው። በሽተኛው የነገረውን እያንዳንዱን ምልክት እዚያ ይፈልግና በሥሩ የተዘረዘሩትን መድኃኒቶች ያስተያያል። ከሁሉም ሥር የተደጋገመውን ይሰጣል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጡረታ የወጡት መምህርት ወይዘሮ አስካለ ከልጃቸው ከቅድስት ጋር መጡ። ባላቸው አቶ ሞገስ ካረፉ ስምንት ወር ሆኗቸዋል።

«ውኃ ጠጥታ አትረካም» አለች ቅድስት። «ልብሷ ሁሉ ሰፍቷታል።»

ማቴዎስ ጻፈ። «ሰው ሲያጽናናዎት ይቀልልዎታል ወይስ ይብስብዎታል?»

ወይዘሮ አስካለ ቀና አሉ። «ይብስብኛል። ለቅሶ የደረሱኝን ሁሉ ሂዱልኝ ማለት ያምረኝ ነበር። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝም የለም።»

ጥሙን፣ ክሳቱን፣ ሐዘኑን ከማውጫው አገኛቸው። በሦስቱም ሥር አንድ መድኃኒት ተደገመ።

«አገኘሁት!» አለ።

የመድኃኒቱን እንክብሎች የያዘውን ብልቃጥ ሊያነሳ ሲል መጥፎ ሽታ ሸተተው።

«እስቲ ጫማዎን ያውልቁልኝ።»

ካልሲው ከቁስሉ ጋር ተጣብቋል። ሁለት ጣቶች ጠቁረዋል።

«አያምዎትም?»

«ምኑ?» አሉና ጎንበስ ብለው ሲያዩ ደነገጡ።

ማውጫው «የማያም ቁስል» የሚልም መስመር አለው። የማቴዎስ እጅ ወደ ገጹ ሄደ። ግን ቢያገኘውስ? ሴትዮዋ ጣፋጭ እንክብሎች ይዘው ቤታቸው ይገባሉ፤ እግራቸውም እዚያው ይበሰብሳል። መጽሐፉን ዘጋ።

«እናቴ፣ ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም። አሁኑኑ ሆስፒታል እንሂድ።»

«አገኘሁት አላልክም እንዴ?»

«ብያለሁ። ተሳስቻለሁ።»

በባጃጅ ወሰዳቸው። ስኳራቸው እጅግ ከፍ ብሎ ነበር፤ እግራቸውንም ያደነዘዘው እሱ ነው። ሁለቱ ጣቶች ተቆረጡ፤ እግራቸው ተረፈ። «ሳምንት ቢዘገዩ እግሩም ይሄድ ነበር» አለ ሐኪሙ።

ቅድስት በሆስፒታሉ ኮሪደር እያለቀሰች ማቴዎስን አመሰገነችው። ምስጋናው ከበደው። ጫማቸውን ሳያስወልቅ የሸኛቸው ሰዎች ፊታቸው እየመጣ ተደቀነበት።

በማግሥቱ ሥራ አልጀመረም። መዝገቡን ገልጦ «ጥማት» ብሎ የጻፈላቸውን ሌሎች በሽተኞች ለየ፤ አሥራ አንድ ነበሩ። አንድ በአንድ እየደወለ ደማቸውን እንዲመረመሩ ለመናቸው። ዘጠኙ ስልክ አነሱ። አንዱን ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ድረስ ሄዶ ቤቱ አገኘው። አንዲቱን ግን፣ አድራሻ ያልሰጠችውን፣ እስካሁን አላገኛትም።