የደጊቱ የክርስትና ስም

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። እንግዲያ ደጊቱን የሚመነጥራት የለም። አዲስ አበባ ለክለብ የምትሮጥ፣ በቴሌቪዥን የምትታይ ልጅ፣ ሚኒባስ ላይ ስትሳፈር እንኳ ሾፌሩን ዓይን ዓይኑን ታያለች።

በሁለት ሺህ ስምንት ለገና እናቷ ቤት እንጅባራ የመጣችው እያነከሰች ነበር። ከተረከዟ በላይ ያለው ጅማት አሟታል። ሐኪሙ ለጊዜው እንዳትሮጥ ከልክሏታል፤ ለብሔራዊ ቡድን ምርጫ ካልደረሰች ደግሞ ክለቡ እንደማይጠብቃት በግልጽ ተነግሯታል። የበዓሉ በግ ሥጋ በአፏ አልዞር አለ።

በበዓሉ ማግስት እናቷ እማማ ወርቅነሽ በሩን ገርበብ አደረጉና በሆዳቸው የያዙትን ዘረገፉት። ጋሼ ቢሻው ሁለት ጊዜ እየመጡ የክርስትና ስሟን ጠይቀዋቸዋል። እሳቸውም ረስቼዋለሁ ብለው መልሰዋቸዋል። እናት የልጇን የክርስትና ስም ረሳሁ ስትል ማን ያምናል? ግን ምን ይበሉ? በእኛ አገር ይህ ስም የወላጅና የንስሐ አባት ነው፤ ክፉ ደብተራ እጅ ከገባ ሰውየውም አብሮ ገባ ማለት ነው።

ጋሼ ቢሻው ደጊቱን ሯጭ ያደረጓት ሰው ናቸው። ሣሩን አመዳይ ሸፍኖት ሳለ በጥርባ ዳገት እሷ ትሮጣለች፣ እሳቸው በፈረሳቸው ይከተላሉ። የፈረሱ ኮቴ ሲቀርባት ዞር ካለች ቁጣ ነው። ትንፋሽ መቆጠብን፣ ቁልቁለት ላይ እግር ማሳረፍን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ ለዚህም ደመወዝ የሚከፍላቸው አልነበረም። እሷ ግን ባሸነፈች ቁጥር ክለቧን ታመሰግናለች፣ ሐኪሙን ታመሰግናለች፣ የጋሼ ቢሻው ተራ ሲደርስ ጋዜጠኛው ማይኩን ይወስደዋል። እንግዲህ ቂም ይዘውብኛል፣ አለች በልቧ።

እማማ ወርቅነሽ አንድ ነገር ጨመሩላት። ሰውየው አሁን ዋጋዬ የምትባል የዳንግላ ልጅ ያሠለጥናሉ፤ የደጊቱ እግር በታመመ ሰሞን ያቺ ልጅ ማሸነፍ ጀምራለች። እግርሽን በድግምት ሊያዞሩላት ነው አሏት። ደጊቱ የተማረች ነኝ ብላ ልትስቅ ሞከረች፤ ሳቁ ግን አልመጣላትም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጋሼ ቢሻው እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ መጡ። በላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ይዘዋል። ደጊቱ በሁለት እጇ ተቀብላ፣ አመስግና፣ ራቅ አድርጋ አስቀመጠችው። ሰውየው ፊቷን ትተው ተረከዟን ያያሉ። ይህም አላማራትም።

ጥቂት ተጨዋውተው የመጡበትን ተናገሩ። እግሯ ከታመመ ጀምሮ ያስጸልያሉ፤ አሁን ግን መምሬ ደሴ በኪዳን ጸሎት ላይ ስሟን እንዲጠሩላት ይፈልጋሉ፤ ያለ ክርስትና ስም ደግሞ አይሆንም ብለዋቸዋል።

"እስከ ዛሬስ ስሙን ሳያገኙ በማን ስም አስጸለዩ?" አለች ደጊቱ።

ጋሼ ቢሻው ሳቅ አሉና ስለ ብርዱ ማውራት ጀመሩ። ያዝኳቸው፣ አለች። እናቷ ከጓዳ በር ላይ በዓይናቸው ጠቀሷት።

"ወለተ ሰንበት ነው" አለች፣ ዓይኗን ሳታሽ።

እንዳይጠፋባቸው በከንፈራቸው ደገሙት። ፊታቸው በራ። የቀረበላቸውን ጠላ እንኳ ሳይጨርሱ፣ መምሬ ደሴ ከቤተ ክርስቲያን ሳይወጡ ልድረስ ብለው ወጡ።

ደጊቱ አጥር ስር ቆማ ወዴት እንደሚታጠፉ ጠበቀች። ወደ ደብተራዎቹ ሰፈር ከታጠፉ ነገሩ ለየ። መስቀለኛው መንገድ ላይ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሁለት ሴቶች አገኟቸውና ሰላምታ ሰጧቸው። አንዲቱ እንዲህ ስትል ሰማች፦

"ጋሼ ቢሻው፣ እግርዎ አልሻለዎትም እንዴ? መምሬ ደሴ ጠዋት ጠዋት ስምዎን እየጠሩ ለእግሩ ጸልዩለት ይሉናል።"

"የኔ እግርስ ምንም የለው" አሉ ጋሼ ቢሻው። "የታመመችውን ልጅ ስም እስካገኝ ጸሎቱ በኔ ስም ሰንብቶ ነው። ዛሬ አገኘሁላት።"

ደጊቱን እንደ እሳት የሚፋጅ ኀፍረት ወረራት። እኚያ ደግ ሰው ውሸቷን ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ቆማ ልታይ? ሐኪሙ ያለውን ረሳችው። እያነከሰች ሮጠች፤ ጅማቷ ሲጠዘጥዛት ጥርሷን ነከሰች፣ እንባዋም መጣ። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሳይገቡ ደረሰችባቸው።

"ጋሼ፣ ወለተ ሰንበት አይደለም" ብላ ጮኸች። "ጠርጥሬዎት ነው የዋሸሁት። ወለተ ኪዳን ነኝ። ወለተ ኪዳን!"

ሴቶቹ ዞሩ። ጋሼ ቢሻው ደንግጠው ተመለሱ፤ ግራ ቀኙን አዩና በጋቢያቸው ጫፍ አፏን ሸፈኑት።

"ቀስ በይ ልጄ" አሉ። "ይህ ስም በመንገድ ይጠራል? ሰው ይሰማሻል።"