«አንቺ» የሚለኝ ሰው

ወንድሜ ባልታሳር ገጣሚ ነው። በቋንቋችን በባስክ መጻፍ በሚያሳስርበት ዘመን፣ በረት ውስጥ ተደብቆ የጻፈ ሰው። ዛሬ ሾርባውን የማጎርሰው እኔ ታላቅ እህቱ ቢቢያና ነኝ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ከፈሰሰ ወዲህ ማን እንደሆንኩ እንኳ አያውቅም።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እሜቴ፤ እርስዎም ይብሉ እንጂ» ይለኛል።

እርስዎ! እኔን! በኛ መንደር «አንቺ» ለእህትና ለላም ብቻ ነው። ባሌ፣ ነፍሱን ይማርና፣ አንድ አልጋ ላይ እየተኛን «እርስዎ» እንዳለኝ ነው የሞተው። ላሚቷም ከተሸጠች ቆየች። በዚህ ዓለም «አንቺ» የሚለኝ የቀረኝ ባልታሳር ብቻ ነበር። አንዴ፣ አንዴ ብቻ ብሎኝ ቢሞት ምን ነበረበት? ሌላ ምንም አልፈልግም።

ባለፈው ሐሙስ ኔካኔ የምትባል የአሳታሚው ሠራተኛ አዲሱን መጽሐፉን ይዛ ከከተማ መጣች። ዝናብ አበስብሷታል። የመጨረሻው ግጥም ለኔ የጻፈው ነው፤ ሳይታመም በፊት ምድጃው አጠገብ አንብቦልኛል። ገልጬ ሳየው ደሜ ፈላ።

«ምን አድርጋችሁት ነው? ‹እርስዎ› ይላል እኮ!»

«አስተካክለነው ነው፣ እትዬ ቢቢያና። ዛሬ ሴትን ‹አንቺ› ማለት ስድብ ይመስላል። አንባቢ እንዳይቀየም ብለን…»

«የተጻፈው ለኔ! አንባቢ ምን ቤት ነው?»

ልጅቷ አቀረቀረች። እኔም በንዴት እንደጦፍኩ በባልታሳር አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፦

«ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው፣ እሳቱን አንድደው፣
እርጥብ ጫማዬን በጉያዎ አሙቀው…»

ግንባሩን ቋጠረ። «ተሳስቷል!» አለ። ከታመመ ጀምሮ እንዲህ ጠርቶ የወጣ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። «ለእህት ‹እርስዎ› ይባላል? ምን ዓይነት ደንቆሮ ነው የጻፈው?» አለና በጣቱ ብርድ ልብሱን እየመታ ራሱ ቀጠለ፦

«ጎህ ሳይቀድ ተነሥተሽ፣ እሳቱን አንድደሽ፣
እርጥብ ጫማዬን በጉያሽ አሙቀሽ፣
አንቺ ልጅ፣ አንቺ ልጅ፣ ማን ያሙቅሽ አንቺን?»

አንዲት ቃል አልሳተም። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እጁን ጭብጥ አድርጌ ያዝኩት።

«አለሁ፣ ባልታሳር! ይኸው አለሁልህ!»

ፊቴን ብዙ አየው። ከዚያ በደንብ እንድቀመጥ እግሩን በትሕትና ሰብሰብ አደረገልኝ።

«እሜቴ፣ እርስዎም ያውቋታል እንዴ?» አለኝ። «እንግዲያስ ካገኟት፣ ወንድምሽ እየጠበቀሽ ነው ይበሉልኝ።»