አማካሪዋን የመከረች ሴት

ፀጉር ሠሪዋን በስሟ የሚጠራት ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ሰፈርተኛው ሁሉ «ሬዲዮ» ነው የሚላት። እጇ የሰው ፀጉር ውስጥ እስካለ ድረስ ምላሷ አያርፍም። ማን ማንን ማግባት እንዳለበት፣ ክፉ አማት እንዴት እንደምትያዝ፣ ወገቡን ለሚያመው ሰው የትኛው ትራስ እንደሚሻል፣ የማታውቀው ነገር የለም። ደንበኞቿ ግን ይወዷታል። ፀጉራቸውም ተሠርቶ፣ ችግራቸውም ተፈትቶ ቀለል ብሏቸው ይወጣሉ።

አብራት ትሠራ የነበረችው ታናሽ እህቷ አንድ ቀን መቀሷንና ማበጠሪያዋን ሰብስባ ወጣችና ከመንገዱ ማዶ የራሷን ፀጉር ቤት ከፈተች። ዘመናቸውን ጎን ለጎን ቆመው የኖሩት እህትማማቾች በመስታወት በር ይተያዩ ጀመር። ሬዲዮ «ራስ ሳይጠና ጉተና!» ብላ ሳቀች፤ ነገሩም ያለቀለት መሰለ። እንቅልፍ ግን እምቢ አላት። አንድ ከሰዓት የደንበኛ ፀጉር ስታጥብ እንባዋ መጣባት። ደንበኛዋ ዓይኗን ሳትገልጥ፣

«ቧንቧሽ ያፈሳል እንዴ? ፊቴ ላይ እየተንጠባጠበ ነው» አለች። ዓይኗን ስትገልጥ ነገሩ ገባት። «እኔን ብትሰሚኝ፣ በስልክ ቪዲዮ የምታማክር የሥነ ልቦና ባለሙያ አለች። እኔን ጠቅማኛለች።»

ሬዲዮ ለመጀመሪያው ቀጠሮ እስከ ጫማዋ ድረስ ለብሳ ተዘጋጀች፤ ስልኩ የሚያሳየው ከትከሻ በላይ መሆኑን ማን ይንገራት። አብራት የምትኖረው እናቷ ሶፋው ላይ ሹራብ እየሠራች፣ እሷ ጠረጴዛው ጋ ቁጭ እንዳለች አማካሪዋ ብቅ አለች። መነጽር ያደረገች ወጣት ናት።

«እንኳን ደህና መጡ። ምን አስጨንቆዎት ነው?»

«እኔስ ደህና ነኝ። አንቺ ግን፣ የኔ ልጅ፣ ፀጉርሽን በላስቲክ ጥፍንግ አድርገሽ ነው የምታስሪው? ይበጣጠሳል እኮ! ዓይንሽም እንቅልፍ ያጣ ይመስላል።»

ሰዓቱ በአማካሪዋ ፀጉርና በአማካሪዋ እንቅልፍ አለቀ። ትንሽ ስለ እጮኛዋም ተነሣ። መጨረሻ ላይ አማካሪዋ ግራ ገብቷት፣ «ስለ እርስዎ እኮ ምንም አላወራንም» ብትል፣ ሬዲዮ «አይዞሽ፣ በሚቀጥለው» ብላ አጽናናቻት።

እናቷ ከሹራቧ ቀና ሳትል፣ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» አለች።

ለሁለተኛው ቀጠሮ አማካሪዋ አስቀድማ ለመነቻት። «ሰው የሌለበት ክፍል ይሁን፣ ስልኩን አንድ ነገር ላይ ያስደግፉት፣ ሳምንቱን ምን እንደከበደዎት ትንሽ አስበውበት ይምጡ። ስለ እኔ ደግሞ አይጨነቁ።» ሬዲዮ መኝታ ቤቷን ዘጋችና እውነትም ስለ ራሷ ጀመረች።

«እህቴ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ጥላኝ ሄደች!»

«ውሸቷን ነው!» አለ ከበሩ ኋላ የእናቷ ድምፅ። «ነግራታለች! እኔው ፊት ነግራታለች!»

አማካሪዋ ደንግጣ፣ «ማን ናቸው?» አለች።

«ሬዲዮ ነው፤ ሳልዘጋው ቀርቼ» አለች ሬዲዮ።

ሦስተኛውን ቀጠሮ በዕረፍት ቀኗ ፀጉር ቤቷን ከውስጥ ቆልፋ ነው የጠበቀችው። ስልኩን መስታወቱ ላይ አስደገፈች፤ መቀመጫ ስታጣ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠች። በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ አታውቅም ነበር። ከስልኩ ጀርባ የራሷ ፊት ያያታል፤ ደክሞታል።

«ባለፈው ከበሩ ኋላ የነበሩት ሰው ያሉት እውነት ነው?» አለች አማካሪዋ።

ሬዲዮ በቀልድ ልታልፈው ሞከረች። አማካሪዋ ፈገግ አለች እንጂ አልተከተለቻትም። ጠበቀች። ሬዲዮ ደግሞ ዝምታ አትችልም፤ የምትሞላበት ወሬ ስታጣ እውነቱ ወጣ።

«ነግራኛለች። ‹እትዬ፣ የራሴን ልከፍት ነው› ስትለኝ እኔ ስለ ሻምፖ ማውራት ጀመርኩ። ደግማ ስትነግረኝ ፀጉር ማድረቂያውን ከፈትኩባት።» በመስታወት በሩ ወደ ማዶ አየች። «ሰው ሁሉ ወደኔ የሚመጣው ለወሬዬ ነው። ፀጉሩን የምታሳምረው እሷ ናት። እሷ ከሌለች እኔ ምንድን ነኝ?»

አማካሪዋ አልመከረቻትም። «እህትዎን ምን ሊጠይቋት ይፈልጋሉ?» አለች።

«ለምን ሄድሽ፣ እላታለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ትክክል እንዳልሆነች አስረዳታለሁ!»

አማካሪዋ ሳቋን መያዝ አቃታት፤ ሬዲዮም ሳቀች። እስኪ አንድ ጥያቄ ጠይቃ መልሱ እስኪያልቅ እንድትሰማ ተስማሙ።

በማግስቱ መንገዱን ተሻገረች። የእህቷ ቤት ጠባብ ነው፤ ወንበሩ አንድ፣ ግድግዳው ገና ቀለም ቀለም ይሸታል። እህቷ የምትጠርግበትን መጥረጊያ እንደያዘች ደነገጠች።

«እትዬ! እማዬ ምን ሆነች?»

«ደህና ናት። ፀጉሬን ሥሪኝ።»

ጭንቅላቷ ገንዳው ላይ ካረፈ በኋላ «ለምን ሄድሽ?» ብላ ጠየቀቻት። እህቷ አጠበች፣ አጠበች። ኋላ ላይ፣

«እኔን ሲጠይቁኝ የምትመልሺው አንቺ ነሽ» አለች። «አንዲት ደንበኛ ‹እህትሽ አፍ የላትም እንዴ?› ብላሽ ሰምቻለሁ።»

«ያቺ ሴትዮ እኮ…» ሬዲዮ ከንፈሯን ነከሰች።

እህቷ እጇን አቁማ ጠበቀች። የሚቀጥል ነገር ሲጠፋ ጎንበስ ብላ አየቻትና፣ «አመመሽ እንዴ?» አለች።

ሬዲዮ አረፋ በአረፋ እንደሆነች ጭንቅላቷን በአሉታ ነቀነቀች። እህቷም ቀስ በቀስ ቀጠለች። በሩን በከፈተችበት ቀን ማዶ ማዶ ስታይ እንደዋለች፣ ተሻግራ ትመጣለች ብላ እንደጠበቀች ነገረቻት። ስለ መጀመሪያዋ ደንበኛዋም አወራች። ሬዲዮ ይህች ልጅ ይህን ያህል ማውራት እንደምትችል አታውቅም ነበር።

«ተመለሺ ካልሽኝ ግን አልመለስም» አለች በመጨረሻ።

«አውቃለሁ» አለች ሬዲዮ። አንድ ቃል ብቻ።

የአማካሪዋን ቀጠሮ አላቋረጠችም። አሁንም አልፎ አልፎ ስለ አማካሪዋ ሠርግ ስትጠይቅ ትያዛለች፤ ልጅቷ እጇን ታነሣና ወደ ራሷ ጉዳይ ትመልሳታለች። ጨዋታ የሚወደውን ደንበኛ ታናሿ ወደሷ ትልካለች፤ ፀጥታ የሚፈልገውን እሷ ወደ ታናሿ። ባለፈው ደግሞ ሚዜዎቿ የበዙ ሙሽራ ሁለቱንም ጠራቻቸው። ሬዲዮ ማበጠሪያዋን ይዛ ከሙሽራዋ ኋላ ቆመችና ወደ እህቷ ዞረች።

«እንዴት እናድርገው?» ብላ ጠየቀቻት፤ ከዚያም ጠበቀች።