ሹራብ የለበሰው ሬዲዮ

ሰውየው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰውና ዕቃ ከወደቡ ወደ ማዶው ደሴት ሲያመላልስ ኖሯል። በዚህ ሁሉ ዘመን ጀልባው «ታጋሽ» አንድም ቀን አልሰጠመችም፤ እርሱም አንድም ቀን አልዋሸም። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንደሚያስደንቅ የወደቡ ሰዎች ተከራክረው አልጨረሱም። ሌሎቹ ጀልበኞች «አሁን እንነሣለን» ሲሉ ተሳፋሪው ሻዩን ጠጥቶ፣ ዘመዱንም ጠይቆ ይመለሳል። እርሱ ግን «ከሃያ ሦስት ደቂቃ በኋላ» ካለ ሃያ አራተኛዋ ደቂቃ ጀልባዋን ከወደቡ አታገኛትም። ስለዚህም «አባ እውነቱ» የሚል ስም ወጣለት። ስሙን ያወጡለት ሊያሾፉበት ነበር፤ እርሱ ግን እንደ ሹመት ተቀበለው።

ይኸው ምግባሩ ታዲያ ከጀልባው ሊያፈናቅለው ደረሰ።

የወደቡ ጽሕፈት ቤት ተሳፋሪ የምትጭን ጀልባ ሁሉ በእጅ የሚያዝ የባሕር ሬዲዮ እንድትይዝ፣ ባለጀልባውም በሬዲዮው የጭንቅ ጥሪ ማሰማት መቻሉን በፈተና እንዲያስመሰክር አዘዘ። ሁለት ጊዜ የወደቀ ሰው ፈቃዱን ይመልሳል፤ ጀልባውም ከምሰሶ ላይ ትታሰራለች። አባ እውነቱ አንዱን ጊዜ ወድቆ ጨርሷል። የወደቀውም ባለማወቅ አልነበረም። የወደቡ ተቆጣጣሪ በቢሮው አስቀምጦት፣ የማስተማሪያ ሬዲዮ በእጁ አስይዞት፣ «ጀልባዎ እየሰጠመች ነው፤ ይጥሩ» ቢለው፣ አባ እውነቱ አንገቱን ወደ መስኮቱ አስግጎ፣

«አልሰጠመችም። ያቻት፣ ታስራ ቆማለች» አለ።

«እየሰጠመች ነው እንበል።»

«ለምን እንበል?»

«ለፈተናው ነዋ!»

«ለፈተና ተብሎ የተዋሸ ውሸት አይደለም የሚል ደንብ ካለ ያሳዩኝ።»

ተቆጣጣሪው ብዙ ደንብ ያውቅ ነበር፤ ይህን ግን አላገኘውም። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ «ወድቋል» ብሎ ጻፈ። ሁለተኛውና የመጨረሻው ፈተና በሚመጣው ሐሙስ እንዲሆን ቀጠረው።

ሰኞ ዕለት አዲሱ ሬዲዮ ወደ ቤት ገባ፤ ካርቶኑም በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተከፈተ። ቤተሰቡ አራት ነው፤ እርሱ፣ ሚስቱ፣ ከመድኃኒት ቤት የምትሠራው ሴት ልጃቸው፣ እንዲሁም ጉልበታቸው ከከዳቸው ጀምሮ ከባለመደገፊያው ወንበር የማይነሡት የሚስቱ እናት፣ አማቱ። መመሪያውን የማንበቡ ኃላፊነት ለልጅቱ ተሰጠ። እርስዋም ወረቀት ስታነብ ድምፅዋ ሁሉ ወደ መድኃኒት ቤት ድምፅ ይለወጣልና፣

«ከመጀመሪያው አጠቃቀም በፊት ለአሥራ ሁለት ሰዓት ቻርጅ ይደረግ» አለች።

«ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ሲሉ አማቱ ጠየቁ።

የግድግዳውን ሶኬት ማቀዝቀዣው ይዞታል። ስለዚህ ማከፋፈያ ከሳሎን ተስቦ ከጠረጴዛው ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ የሬዲዮው ቻርጀርም እዚያ ተሰካ። ከዚያ ጥቂት ክንድ ራቅ ብሎ፣ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አለ። አባ እውነቱ በጀልባ ገመድ ጠፍሮ አስሮት፣ ሚስቱም ከሥሩ ባልዲ አኑራበት፣ የቧንቧ ሠራተኛው ይጠበቃል። ሠራተኛው በስልክ «መንገድ ላይ ነኝ፣ ደረስኩ» ካለ ዘጠነኛ ቀኑን ይዟል።

በማግስቱ ልጅቱ ንባቧን ቀጠለች። አንቴናው ተጠምዝዞ ገባ። በላይ ያለው ቁልፍ ተዞረና ሬዲዮው ተነሣ። ወዲያው እንደ ፈላ ድስት ሹሹ ማለት ጀመረ፤ ሁለተኛው ቁልፍ ጥቂት ሲዞር ሹሹታው ጸጥ አለ። ቻናሉ አሥራ ስድስት ላይ ተደረገ፤ ጀልባ ሁሉ የሚያዳምጠው፣ «ሜይዴይ» ሦስት ጊዜ ተብሎ ጭንቅም የሚጠራበት እርሱ ነውና።

«በጎኑ ያለውን ትልቁን ቁልፍ ሲጫኑት ይናገራሉ» አለች ልጅቱ። «ኦቨር ብለው ጨርሰው ሲለቁት ይሰማሉ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማድረግ አይቻልም። ቀይ መብራት ከበራ ድምፅዎ እየወጣ ነው።»

አማቱ በረጅሙ ተነፈሱ። «ምነው ለሰው ልጅም እንዲህ ያለ ቁልፍ በተበጀለት!»

ሥራው እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። ዳሩ ግን በዚያ ቤት ዕቃ ራቁቱን አያድርም። ቴሌቪዥኑ ሹራብ አለው፤ የቤቱ ስልክ ሹራብ አለው፤ ፔርሙዙ ባለ አዝራር ካፖርት ለብሷል። ሚስቱና እናቷ በጦም ይሁን በፍስክ፣ በሐዘን ይሁን በደስታ ከመርፌያቸው ተለይተው አያውቁም። ሬዲዮው እንደ ጠፋ ሚስቱ ቁመቱንና ወገቡን በክር ለካች። ከሰዓት በኋላም ሰማያዊ ሹራብ ሠርታ አለበሰችው።

«ሰፋው» አሉ አማቱ ዳበስ አድርገው። «ጀልባ ላይ ከእጁ ያሟልጨዋል። ወዲህ በዪው።»

እርሳቸው ደግሞ አጠበቁት። ማጥበቅ ያውቃሉ። ሬዲዮው እስከ አንገቱ ተጠፍሮ፣ አንቴናውና የላይኞቹ ቁልፎች ብቻ ወደ ላይ ቀርተው፣ ክረምት ያስፈራው ሕፃን መሰለ። ያ ትልቁ የጎን ቁልፍ ሹራቡ ውስጥ እንዴት እንደ ሆነ ማንም አላሰበም። ቀዩ መብራትም አብሮ ተከናንቧል።

ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አራቱም በወጥ ቤቱ ተሰበሰቡ፤ ልጅቱም የላዩን ቁልፍ አዙራ ሬዲዮውን አስነሣችው። ነገ ፈተና ነው፤ አባ እውነቱም እስካሁን አንድ ጊዜ እንኳ አልተለማመደም። ሚስቱ በፊቱ ቆመች።

«በል ጥራ።»

«ምን ብዬ?»

«ጀልባዬ እየሰጠመች ነው ብለህ!»

«አልሰጠመችም።»

«አንተ ሰውዬ! ለዚያ ፊቱ እንደ ሎሚ ለኮመጠጠ ተቆጣጣሪ ብለህ ሠላሳ ዓመትህን ልታጣ ነው? ነገ ጀልባህ ከምሰሶ ስትታሰር ምን ልትሆን ነው? ከእኛ ጋር ሹራብ ልትሠራ?»

አባ እውነቱ አንገቱን ደፋ። ከባሕሩ በቀር የሚያውቀው ሥራ የለም። ማታ ማታ እየተገላበጠ ያሰበውም ይህንኑ ነው፤ ጀልባዋ በዓይኑ ፊት ታስራ ስትበሰብስ፣ እርሱ በዳርቻው ተቀምጦ የሌሎቹን «አሁን እንነሣለን» ሲሰማ። ይሁን እንጂ ምላሱ አልታዘዝ አለው።

ልጅቱ መላ አገኘች። «አባዬ፣ እውነቱን ብቻ ለምን አትናገርም? ወጥ ቤቱ ውስጥ ውሃ እየገባ አይደል? ሥርዓቱን ከተለማመድክበት ይበቃል።»

ባልዲውን ተመለከቱት። ለካ በጭቅጭቁ መካከል ሞልቶ ፈሷል፤ ውሃውም ቀስ እያለ ወለሉን ይዞ ነበር። የአባ እውነቱ ፊት በራ። ሬዲዮውን አነሣ። ሳያስበው ቁልፉን እንዳይጫን ብሎ አመልካች ጣቱን ከሬዲዮው አርቆ፣ እንደሚምል ሰው ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጎ ያዘ።

«ሜይዴይ፣ ሜይዴይ፣ ሜይዴይ» አለ፤ ድምፁም ወደቡን የሚሞላ ሆነ። «ይህ የታጋሽ ባለቤት ነው፣ የታጋሽ ባለቤት፣ የታጋሽ ባለቤት። ሜይዴይ። ያለሁበት ቦታ፤ ከወደቡ በር ሽቅብ፣ ከዳቦ ቤቱ አጠገብ፣ አረንጓዴ የብረት በር። ደወሉ አይሠራም፤ ይንኳኳ። ውሃ እየገባ ነው። ያለነው አራት ሰዎች ነን፤ አንዷ መራመድ አይችሉም። ፓምፕ ያስፈልገናል። ኦቨር።»

«ጎሽ!» አለች ሚስቱ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«የአፍ ወለምታ የለበትም» ሲሉ አማቱ መሰከሩ። «እንደገና በለው።»

ሦስት ጊዜ ደጋገመው፤ በሦስቱም አንዲት ቃል አልሳተም። ሬዲዮው ግን ትኩስ ትኩስ አለው።

«ምነው ይሞቃል?»

«ሹራብ ለብሶ አይሞቀውም እንዴ?» አለች ሚስቱ። ክርክሩ በዚሁ ተዘጋ።

ቡናማ ፎጣ አምጥተው ወለሉን መጥረግ እንደ ጀመሩ አረንጓዴው በር ተንኳኳ። ሲከፈት ተቆጣጣሪው ብርቱካንማ የመንሳፈፊያ ሰደርያውን እንደ ለበሰ፣ ላቡ በጆሮ ግንዱ እየወረደ ቆሟል። ከኋላው የወደቡ የነፍስ አድን ጀልባ መካኒክ ፓምፕ ተሸክሞ ያለከልካል።

«አራቱም አላችሁ?» አለ ተቆጣጣሪው።

«አራታችንም አለን» አለ አባ እውነቱ ግራ ተጋብቶ። «ምን ሆናችሁ?»

«እኛን ምን ሆናችሁ ይላሉ? እርስዎ ምን ሆነዋል! ጀልባዋ ላይ ዘለን ሞተሩን ካስነሣን በኋላ ነው ከዳቦ ቤት አጠገብ የሚባል ባሕር እንደሌለ የገባን። ወርደን በእግራችን መጣን። ስንጠራዎ፣ ስንጠራዎ አይመልሱም፤ ቻናሉን እርስዎ ይዘውታል፣ ማን ይተንፍስ? ወደቡ ሁሉ ሥራውን ጥሎ እርስዎን ነው የሚያዳምጠው።» ከኪሱ ማስታወሻ አወጣ። «ፊቴ እንደ ሎሚ ስለ መኮምጠጡ የተባለውም ከሰዓቱ ጋር ተጽፏል።»

ሚስቱ ፎጣውን ፊቷ ላይ አደረገች። ልጅቱ ሬዲዮውን ነጥቃ ሹራቡን ወደ ታች ገፈፈችው፤ ቀዩ መብራት ገና እንደ በራ ነበር፤ ሹራቡ ተጭኖት የኖረው የጎን ቁልፍ ሲላቀቅ ድርግም ብሎ ጠፋ። ከሬዲዮውም «ሎሚው ደረሰ ወይ?» የሚል የአንድ ጀልበኛ ሳቅ ወጣ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይህ ነው።

ተቆጣጣሪው ሳቁን እንዳልሰማ ሆኖ ደንቡን ገለጠ። «ያለ ጭንቅ የጭንቅ ጥሪ ያሰማ፣ ፈተናም አይቀርብም፤ ፈቃዱንም ያጣል» ብሎ አነበበ። ከዚያ እንደ ጠንቃቃ ሰው ነገሩን አንድ በአንድ መረመረ። ውሃ እየገባ ነው? ጫማው ይመሰክራል። አራት ሰዎች? ቆጠረ፤ ልክ ነው። መራመድ የማይችሉ? ወንበር ላይ ተቀምጠው በመርፌያቸው ሰላምታ ሰጡት። ደወሉስ? ሲገባ ሞክሮታል፤ አይሠራም።

«እንግዲህ ሐሰት ያሉት ነገር የለም» አለ ቅር እንዳለው ሰው።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ሚስቱ በዓይኗ ለመነችው። አባ እውነቱ ግን ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንድ አለ። ሜይዴይ ማለት የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን ነው። የእኛ ሕይወት አደጋ ላይ አልነበረም። ይጻፉት።»

«ማን ጠየቀህ!» ብላ ሚስቱ ጮኸች።

«የእኔ ሕይወት አደጋ ላይ አይደለም ያለህ ማነው?» አሉ አማቱ። «እዚህ ቤት ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው።»

ተቆጣጣሪው እስክሪብቶውን አወጣ። እጁ ግን ከበደው፤ ጠመዝማዛ ሰው እንጂ ቀጥ ያለ ሰው ቀጥቶ አያውቅም። ጫፉ ወረቀቱን ሊነካ ሲል መካኒኩ፣

«ማንም እንዳይነቃነቅ!» ብሎ አንባረቀ።

ፓምፑን ሊያስቀምጥ ጎንበስ ሲል ከጠረጴዛው ሥር አይቷል። ማከፋፈያው ወለሉ ላይ ነው፤ የሬዲዮው ቻርጀር እንደ ተሰካ ነው፤ ውሃውም ከእርሱ አንድ አውራ ጣት ርቀት ላይ ደርሷል። የአማቱ ባዶ እግሮች፣ የልጅቱም ነጠላ ጫማ፣ የተቆጣጣሪውም ጫማ ከዚያው ውሃ ውስጥ ናቸው። መካኒኩ በደረቁ በኩል ተሻግሮ ቆጣሪውን አጠፋ። ማቀዝቀዣው ተንፈስ ብሎ ዝም አለ።

ተቆጣጣሪው የገዛ እግሩን ተመለከተ። እስክሪብቶውን ዘጋ። «ጥሪው በደንቡ መሠረት ነው» አለ በቀጭን ድምፅ።

«እኔ ግን አላወቅሁም ነበር» አለ አባ እውነቱ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ማወቅ በፈተናው የለበትም። ስም፣ ቦታ፣ የችግሩ ዓይነት፣ የሰው ቁጥር ነው ያለበት። ያለበትን በዚህ ያህል ልክ የነገረኝ ባለጀልባ አላጋጠመኝም፤ መንገድ ላይ አንድ ሰው እንኳ አልጠየቅንም። ነገ መምጣት አያስፈልግዎትም፤ አልፈዋል።» ጽፎ ፈረመ፤ ከፊርማው በታችም አንድ መስመር ጨመረ። «ጉድለት፤ ይናገራል እንጂ አይሰማም። ሹራቡ ይውለቅ።»

«አይወልቅም!» አሉ አማቱ። «መስኮት ይከፈትለታል።» መቀሱን አንሥተው እዚያው ላይ ለቁልፉ አንድ፣ ለመብራቱ አንድ ቀዳዳ ቆረጡ። ተቆጣጣሪው ሬዲዮውን አገላብጦ አይቶ፣ ሲጫንና ሲለቅ ሞክሮ፣ መልካም ነው አለ።

ሚስቱ ነፍሷ ተመለሰችላት። «ለእርስዎም ሬዲዮ አንድ ልሥራለት፣ ጌታዬ?»

«ጉቦ!» አለ አባ እውነቱ።

«ፈርሜ ጨርሼ የለ እንዴ?» አለ ተቆጣጣሪው፤ የራሱን ራቁት ሬዲዮ በሐዘኔታ እያየ።

«ስድስት ወር ይቆይ።»

መካኒኩ ውሃውን በእጁ ፓምፕ መምጠጥ ሲጀምር የቤቱ ስልክ ከነሹራቡ ጮኸ። አባ እውነቱ አነሣው። የቧንቧ ሠራተኛው ነበር።

«አባ፣ መንገድ ላይ ነኝ፤ ደረስኩ!»

አባ እውነቱ ወገቡን ቀጥ አደረገ።

«ያለህበትን ቦታ በትክክል ንገረኝ» አለ። «በየትኛው በር፣ ከምን አጠገብ፣ ስንት ሰው ሆናችሁ። ኦቨር።»

ከወዲያ በኩል የአልጋ ሲጥሲጥታ ተሰማ።

«አልጋዬ ላይ ነኝ» አለ ሠራተኛው በመጨረሻ። «ብቻዬን።»

«ተቀብያለሁ» አለ አባ እውነቱ። «ነፍስ አድን እልክልሃለሁ።» ስልኩን ዘግቶም ወደ መካኒኩ ዞረ። «ቤቱን አውቀዋለሁ፤ ከዚህ አሥራ አራት ደቂቃ ነው።»