ሁለተኛው ጉርሻ

እንደ ጃፓኖቹ በምሥለው የሥዕል ታሪክ፣ በማንጋዬ መጀመሪያ ላይ፣ ጀግናዬን ናሆምን አንድ የቀትር ጋኔን ሊበላው ይከተለው ነበር። እኔ ሞኟ ከአንድ ትሪ አበላኋቸው። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባል የለ፣ ናሆም ሁለት ጊዜ አጎረሰው። ከዚያ ወዲህ ጋኔኑ ከጎኑ አልጠፋም፤ ክፉ ያሰበበትን ሁሉ ይበላለታል።

ዛሬ ግን ታሪኩ ሰለቸኝና ናሆምን ዋጃ መንገድ ላይ ገደልኩት። ጋኔኑን ሬሳው ላይ እንዳቀረቀረ ሣልኩና ውኃ ልጠጣ ወጣሁ። የቆቦ ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ ቆርቆሮው ይንጣጣል፣ መንገዱ ላይ ባጃጅ እንኳ የለም።

ስመለስ ጋኔኑ ቀና ብሏል። የሚያየው እኔን ነው። ወረቀቱን ልቀደው ብል እጄ እምቢ አለኝ።

ጓደኛውን የገደልኩበት እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ አንድም ቀን አጉርሼው አላውቅም።