የሾማሪ ተራ

ዕድሜውን ሙሉ ከባሕር ጋር ሲታገል የኖረ ሽማግሌ ክብ ሠርቶ ተቀምጦ የፕላስቲክ ኳስ ሲቀባበል አይታችሁ ታውቃላችሁ? በዛንዚባሩ የአረጋውያን ቤት ይህ የየጠዋቱ ሥራ ነበር። ኃላፊው ባክሪ ማነቃቂያ ይለዋል። ምን ያነቃቃል! ኳሷ ጭናቸው ላይ ባረፈች ቁጥር አንጀታቸው ያርራል፤ አንዱ ያንኮራፋል፣ ሌላው ይራገማል።

ጨዋታውን የምትመራው ፒሊም አንገሽግሿታል። ከሁሉ ይልቅ የምዜ ሾማሪ ነገር ያንገበግባታል፤ ምዜ በእነሱ አጠራር አባባ እንደማለት ነው። ሾማሪ ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ፣ ሰባት ወር ሙሉ፣ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ባክሪ ደግሞ ሐሙስ ጠዋት መጥቼ አያለሁ፣ በጨዋታ የማይሳተፍ ሰው ወደ ኋላው ክፍል ይዛወራል ብሏታል። የኋላው ክፍል የአልጋ ቁራኞች ክፍል ነው፤ በእግሩ ገብቶ በእግሩ የወጣ የለም። ባክሪን ብትለምነው፣ ብትማጸነው አልሰማ አላት።

እንግዲያው የመጣው ይምጣ አለች። ሐሙስ ጠዋት ኳሷን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ባኦውን አወጣች። ባኦ የእነሱ ገበጣ ነው። ባክሪ ጠብ ያስነሳል ብሎ ከከለከለው ዓመት አልፎታል። እውነቱን ነው፣ ያስነሳል። በዚያ አገር ባኦ ዳር ቆሞ ዝም የሚል ሰው ተጫዋቾቹን እንደናቀ ይቆጠራል፤ መተረብና መሳደብ የተመልካች ግዴታ ነው።

ፒሊ የሾማሪን ወንበር ገበጣው አጠገብ አስጠጋችና ከምዜ ማካሜ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ሾማሪ በጉልምስናው በባኦ የሚረታው አልነበረም፤ ማካሜ ደግሞ ከጥንትም የታወቀ አጭበርባሪ ነው። ሽማግሌዎቹ ከበቧት፤ ምስር የምትለቅሚ መሰለሽ እንዴ እያሉ ይተርቧት ጀመር። የሾማሪ ዓይን ፍሬዎቹን ይከተላል፣ አፉ ግን እንደተዘጋ ነው። ባክሪም መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል።

ይሄኔ ማካሜ ፍሬ ሲያድል አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ጣለ። ሁሉም አዩት። ፒሊ ልትጮህ ብላ ምላሷን ነከሰች፤ ሽማግሌዎቹንም ለሾማሪ ተዉለት ብላ በዓይኗ ለመነቻቸው። ገብቷቸው ዝም አሉ። እንደዚያ ፈርታ አታውቅም።

ሾማሪ የማካሜን እጅ ለቀም አደረገ።

"መልሳት" አለ፣ በሻከረ ድምፅ። "ሌባ። ጺምህ ሳይበቅል የጀመርከውን ዛሬም አልተውክም?"

ማካሜ ቱግ አለ፤ ቤቱ በሳቅና በስድብ ተናወጠ። ፒሊ እንባዋ ይወርዳል። ሾማሪ ወደ እሷ ዞረና ተነሺ፣ አበላሸሽው ብሎ ቦታዋ ላይ ተቀመጠ።

ባክሪ እየገፋፋ ገባ። ጠብ ያስነሳል አላልኩም ወይ ብሎ ጮኸ፣ ገበጣው አሁኑኑ እንዲነሳ አዘዘ። ፒሊ ንቅንቅ አላለችም፤ ከፈለግህ አባረኝ፣ እኔ ግን አላነሳውም አለችው። ራሱ ሊያነሳው ጎንበስ ሲል ሾማሪ መዳፉን ገበጣው ላይ ጫነ።

"እጅህን አንሳ፣ አንተ ልጅ" አለው። "ተራው የኔ ነው።"